ከአሞሌ እስከ ዋንጫ

ስሙኝ ወገኖቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ዕቃ ነው፤ ማዕድ ላይ ስለሚቀርብ ዕቃ። ስለ ብር ዋንጫ፣ ስለ ወርቅ ጽዋ፣ ከባሕር ማዶ ስለመጣ አብረቅራቂ ሸክላ። የዕቃ ነገር ያለ ሰው አይነገርምና ነጋዴውንም፣ አንጥረኛውንም፣ ንጉሡንም፣ ዘራፊውንም አነሣለሁ።

ከዋግ፣ ከአበርገሌ ልጀምር። አበርገሌ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ሰሜን ቁልቁል የወረደ ቆላ ነው፤ ተከዜ ዳር ዳሩን ይዞት ይወርዳል። ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ዝናቡ ይሰስታል። ፍየሉ ግን ስም ያለው ነው፤ ከተዳፋቱ ላይ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ ንቡም ማሩን አይነፍግም። የወረዳው ከተማ ኒሯቅ ትባላለች። ሕዝቡ ኽምጣኛ የሚናገር አገው ነው፤ ገበያ ሲወጣ አማርኛውንም ትግርኛውንም ያቀላጥፈዋል። በዚህ አገር ብር ከመሬት ተቆፍሮ አልወጣም። ታዲያ የዋግ ሰው የብር መስቀል፣ የብር ድሪ፣ በብር የተለበጠ ዋንጫ ከየት አመጣ? በጨው ነው ያመጣው።

አፋር ምድር፣ አሳሌ ከሚባለው የጨው ሜዳ፣ ሰው በጠራራ ፀሐይ መሬቱን በእንጨት እየፈነቀለ፣ በመጥረቢያ እየጠረበ አሞሌ ያወጣል። አሞሌው በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ጫፍ ይወጣል፤ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ትግራይን አቋርጦ ሰቆጣ ይገባል። ሰቆጣ በሰሜኑ አገር ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ሲራራ ነጋዴው ከዚያ ተነሥቶ ላስታን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምን ይዞራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን መጥቶ ሳለ አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቷል፤ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየከበደ መሄዱንም ጽፏል። ከአሳሌ አፋፍ ላይ እንደ ድንጋይ የሚቆጠረው ጨው፣ አባይን ተሻግሮ ሲገኝ ትልቅ ሀብት ነበር።

በኋላ ደግሞ በቀይ ባሕር በኩል ሌላ ገንዘብ ጎረፈ፤ ጠገራ ብር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) አረፈች፤ ብሩ ግን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢመታ ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ። ቪየና ብቻ ሳትሆን በኋላ ሮምም፣ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም መትተውታል።

የእኛ ባለገበያ ደግሞ በቀላሉ የሚታለል አልነበረም። ብሩን መዳፉ ላይ ያኖረዋል። የንግሥቲቱን ትከሻ ያያል፤ እዚያ ያለው የልብስ ማያያዣ ነጠብጣብ አንድ በአንድ ካልተለየለት ይመልሰዋል። ያገላብጠዋል፤ የንስሩን ክንፍ ያያል። ከድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ይህን ሁሉ ካለፈ ብቻ ከጨርቅ ጫፍ ይቋጥረዋል። አፄ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር በ1887 ዓ.ም. ካስመቱ በኋላ እንኳ ገበሬው ጠገራውን በቀላሉ አልለቀቀም። ጠገራ ገበያ ላይ ገንዘብ ነው፤ አንጥረኛ ቤት ሲገባ ደግሞ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

እስቲ አንጥረኛው ዘንድ እንግባ። ጠገራውን ከሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ከትቶ ከከሰል ፍም ላይ ያስቀምጠዋል። ረዳቱ ወናፉን ይነፋል። ብሩ መጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ጠርዙ ይሟሽሻል፤ ቁጥሩ ይጠፋል፣ የንግሥቲቱ ፊት ይጠፋል፤ በመጨረሻ ጥርት ብሎ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ከቦይ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ዘንግ ይሆናል። ከዚያ መስፍ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ማሳሳት ነው። ብር ሲቀጠቀጥ ይደነድናል፣ ከደነደነ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ደጋግሞ እሳት እያሳየ ያለሰልሰዋል። እንደ ቅጠል ሲሳሳ በዋንጫው አፍ ዙሪያ ይጠቀልለዋል፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ ያቆልፈዋል፤ በላዩም ሐረግ ይወቅርበታል። ዋንጫው ራሱ የከብት ቀንድ ነው፤ በሙቀት ለስልሶ፣ ታችኛው አፉ ተደፍኖ፣ ተፍቆና ተወልውሎ የተሠራ።

አሁን ይህን ዋንጫ በሐሳባችሁ ያዙልኝ። ውስጡ ስንት ሰው አለ? አሳሌ ላይ ጨው የጠረበው አፋር አለበት። ግመል የነዳው አለበት። ጨውን በብር የለወጠው የሰቆጣ ነጋዴ አለበት። በሬውን ያሳደገው ገበሬ፣ ቀንዱን የፋቀው ባለሙያ፣ ብሩን ያቀለጠው አንጥረኛ አሉበት። በመጨረሻም በሠርግ፣ በተስካር፣ በግብር ላይ ጠላና ጠጅ የጠጣበት ባለቤቱ አለበት። የዕቃው ዋጋ ይህ ሁሉ ሰው ነው። ብሩማ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከሁለትና ከሦስት ጠገራ አይበልጥም።

በዋግ ብር ከጌጥ ያለፈ ትርጉምም ነበረው። ትውፊቱ እንደሚለው ይኩኖ አምላክ በ1270 (እ.ኤ.አ.) መንግሥቱን ከዛጔ ሲረከብ፣ የዛጔ ዘር ዋግን እንዲገዛ ቃል ተገባ። ለገዢው ለዋግሹምም ታላቅ ማዕረግ ተሰጠው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በወርቅ ዙፋን ሲቀመጡ ዋግሹሙ በብር ዙፋን እንዲቀመጥ። የድሮው ሰው ክብርን በማዕድን ይለካ ነበርና ብር በዋግ ቤት ከወርቅ ቀጥሎ የመጣ ተራ ነገር አልነበረም፤ የቃል ኪዳን ምልክት ነበር። ሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ ከድንጋይ የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ የዋግ ሹማምንትን አጽም እስከ ዛሬ ጠብቆ መኖሩ የዚያ ቃል ኪዳን ምስክር ነው።

ስለ ብሩ ብዙ አወራሁ፤ ወደ ሸክላው ልለፍ። በአገራችን ሸክላ የሴት እጅ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ትፈጫለች፣ ጭቃውን ታቦካለች፤ መሽከርከሪያ ሳይኖራት በእጇ ብቻ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ እንስራውን ታነሣለች። ሊደርቅ ሲል ለስላሳ ጠጠር ይዛ ደጋግማ እያሸች ፊቱን ታበራዋለች። ከዚያ በማገዶና በኩበት ሜዳ ላይ ይተኮሳል። የእንዲህ ያለ እሳት ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ስለዚህ የእኛ ሸክላ ፊቱ ይጠጣል፤ ውኃ ያሳልፋል። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው ለዚሁ ነው። ጀበና ገዝታችሁ ስትገቡም ዝም ብላችሁ ቡና አታፈሉበትም፤ ታሟሹታላችሁ። ምጣድም በጎመን ዘር ይታሰሳል። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ፊቱንም ያጠቁረዋል። ይህ ያገራችን ልባስ ነው፤ የሚሠራውም ከእቶን በኋላ፣ በእመቤቲቱ ጓዳ ውስጥ ነው።

የባሕር ማዶው ሸክላ ሌላ ነው። እዚያ ሠሪው የደቀቀ አሸዋና አመድ፣ አንዳንዴም እርሳስ ያለበት ውሕድ ይቀባዋል፤ በተዘጋ ምድጃ ሲተኮስ ውሕዱ ቀልጦ መስተዋት ይሆናል። የቻይናው ነጭ ሸክላማ ከ1,200 ዲግሪ በላይ እሳት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ እኛ አገር መምጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አክሱም ላይ በተደረገ ቁፋሮ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወገን የመጣ ልባስ ያለው ሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተካሄደው ቁፋሮም የቻይና ሸክላ ወጥቷል። ጎንደር ቤተ መንግሥትም የሩቅ ምሥራቁን ሸክላ ያውቀው ነበር። ዛሬ በየጎጆው ረከቦት ላይ የምናየው ስኒ የዚያ ረጅም ንግድ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ብሩም ሸክላውም አንድ ቦታ የተገናኙበትን ቀን ልንገራችሁ። ቦታው መቅደላ ነው፤ ዘመኑ 1860 ዓ.ም.።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አምባ ላይ ትልቅ ሀብት አከማችተው ነበር። መድኃኔ ዓለም ብለው ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን፣ መስቀሉን፣ ጽዋውን ከየቦታው ሰበሰቡ። ከዚያ ውስጥ ብዙው በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት በኃይል የወጣ ነው። እውነቱን መናገር ይገባል፤ የጎንደር ካህናትም በዚያ ዓመት አልቅሰዋል።

የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ላስታን አቋርጦ፣ ዋድላና ደላንታን አልፎ መጣ። በዚያ ወቅት ዋግን የያዙት ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ አስገድለውባቸው ስለ ነበር ለመቅደላው ንጉሥ የሚቆም ጦር ከዋግ አልተነሣም። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተደፈረ፤ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ወታደሩም ወደ ግምጃ ቤቱ ገባ።

የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ እዚያው ነበርና አምባው ላይ የተበታተነውን ዕቃ ዘርዝሮ ጽፏል። የወርቅ ጽዋ፣ የብር መስቀል፣ የተቀረጸ ዋንጫ፣ ምንጣፍ አየ። ከዚህ ሁሉ መካከል የፈረንሳዩ የሴቭር ሸክላና የእንግሊዙ የስታፎርድሸር ሸክላ ነበሩ። ልብ በሉልኝ፤ እንግሊዝ ውስጥ ተተኩሶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አምባ የወጣ ሸክላ፣ ከኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት በእንግሊዝ ወታደር እጅ ተመለሰ።

ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ። ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ጨረታ ተደረገ። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኝቶ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ገንዘብ ይዞ ቆሞ ነበርና ዋናው ገዢ እሱ ሆነ። ይህ ሰው ከአንድ ወታደር የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። ጽዋው በ18ኛው መቶ ዘመን ተሠርቶ ለጎንደር ቁስቋም የተሰጠ ነው። ዛሬ ሁለቱም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) 150ኛው ዓመት ሲታሰብም እዚያው ለሕዝብ ታይተዋል። ዕቃ ሰብሳቢነት ወደ ዘረፋ ሲወርድ መልኩ ይህን ይመስላል፤ ቅዱስ ቁርባን የቀረበበት ጽዋ የአራት ፓውንድ ዕቃ ይሆናል።

ጎበዜ በዚያው ዓመት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል እስኪሆኑ ድረስ። በአጠገባቸው የነጎደው ሀብት ግን ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ በየመኮንኑ ቤት ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ፣ በየልጅ ልጁ እየተወረሰ ኖረ።

እነሆ ከ150 ዓመት በላይ አለፈ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በእንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ ያለ አንድ አጫራች ቤት፣ ከመቅደላ ዘማች መኮንን ቤተሰብ የመጣ ዕቃ ለጨረታ አወጣ። ከዕቃው መካከል የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩ። አዎ፣ ቅድም በሐሳባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ዓይነት፣ በብር ያጌጡ ዋንጫዎች። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፤ ዕቃው ከጨረታ ወጣ። ሸኸራዛድ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኤምባሲው አስረከበ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ዋንጫዎቹ ከዘውድ፣ ከጋሻ፣ ከመስቀልና ከብራና መጽሐፍ ጋር አዲስ አበባ ገቡ።

እነዚህ ዋንጫዎች ለምን ተመለሱ? ውብ ስለ ሆኑ አይደለም። ብሩም ከባድ ስለ ነበር አይደለም። ከየት እንደ ተወሰዱ፣ ማን እንደ ወሰዳቸው ስለ ታወቀ ነው። 

ወደ ቤታችን ስንመለስም ይህንኑ እናገኛለን። ላሊበላ ለዋግ ጎረቤት ነው። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ አውሮፓ አንድ ሰብሳቢ እጅ ገባ። ሊመለስ የቻለው ግን፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ካህኑም ምእመኑም መልኩን ስለሚያውቁት፣ በፎቶግራፍም ስለሚታወቅ ነው። ፎቶ የሌለው፣ ስሙ ያልተጻፈ መስቀል ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቢወጣ በምን ይለያል? በማን ስም ይጠየቃል?

መልካም ሰብሳቢም ኖሮናል፤ እሱን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት አዲስ አበባ መጥቶ፣ ወደ ነጋዴ ሱቅ የወረደውን ሥዕል፣ መስቀልና የቤት ዕቃ ከገበያ እየገዛ ለዩኒቨርሲቲው አስቀመጠ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም፣ ያ ስብስብ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ሙዚየም ሆነ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ የመቅደላ ቅርስ እንዲመለስ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት ኖረ። ሆይናትስኪ የሰበሰበው ዕቃ በአገሩ ቀረ፤ የተገኘበትም ታሪክ ከነመዝገቡ ተቀመጠ። ሰብስቦ ማኖር ማለት ይህ ነው።

አሁን የእኛ ዘመን ላይ ደረስን። ዕቃ ለቃሚው ነጋዴ ዛሬ ዝሆን ጭኖ አይመጣም። ሰላምታ አቅርቦ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ቡና ይጠጣል።

«እናቴ፣ ይህ አሮጌ ዋንጫ ምን ያደርግልዎታል? ተሰንጥቋልኮ። አዲስ ቴርሞስ ላምጣልዎት።»

«እሱማ የባለቤቴ አያት ዕቃ ነው ልጄ። ሠርጋችን ላይ የተጠጣበት ነው።»

«ታዲያ ማን ይጠጣበታል አሁን? ልጆችዎ ከተማ ናቸው።»

እናትየው ቴርሞሱን ትወስዳለች። አልፈርድባትም። የተቸገረ ሰው ያለውን ይሸጣል፤ ቴርሞስም ይጠቅማል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ዋንጫው ከደጃፉ ሲወጣ «የባለቤቴ አያት ዕቃ ነው» የሚለው ቃል አብሮት አለመውጣቱ። አዲስ አበባ ሱቅ ሲደርስ «የኢትዮጵያ ቀንድ ዋንጫ፣ አሮጌ» ይባላል። ዋግ የለም፣ አበርገሌ የለም፣ አያት የለም። በቅርቡ ጦርነትም በዋግ አልፏል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች ቤቱን ጥሎ ሰቆጣ የሰፈረ ሕዝብ ብዙ ነበር። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ዋንጫና እንስራ አይሸከምም። በዚያን ጊዜ የቀረው ዕቃ ምን ምን እንደ ነበረ ዛሬ በጽሑፍ ማስረዳት የሚችል ቤተሰብ ስንት ይሆን?

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ መያዝ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል፤ ባለይዞታውም እንዲያስመዘግብ ያዛል። መዝጋቢ እስኪመጣ ሳንጠብቅ እያንዳንዱ ቤት ማድረግ የሚችለው ነገር ደግሞ አለ። በቤታችሁ ያለውን የብር ዕቃ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ አሮጌ ጀበናና ገንቦ ፎቶ አንሡት፤ ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ታቹንም። አጠገቡ ማስመሪያ አኑሩ፤ መጠኑ እንዲታወቅ። ቀጥሎ ታላላቆችን ጠይቁ፤ ማን ሠራው? ከማን ተገኘ? በምን ቀን ይወጣ ነበር? የነገሯችሁን በአማርኛም ይሁን በኽምጣኛ ከነቃሉ ጻፉት። ቤተ ክርስቲያንም ለንዋየ ቅድሳቷ እንዲሁ ታድርግ።

አደራ፣ ብሩን በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት። ብር የሚጠቁረው ከጭስና ከአየር በሚያገኘው ድኝ ነው፤ ጥቁሩ አይጎዳውም። ፍተጋው ግን ሐረጉን ይበላዋል፣ የባለቤቱን ስም ይፍቀዋል። ሸክላውም ቢሰበር ስብርባሪውን አንድ ላይ ቋጥሩት። ባለሙያ መልሶ ሊገጥመው ይችላል፤ ባይገጠምም የሠሪዋን እጅ ያሳያል። ለሸክላ ሠሪዋም ስሟን ጠይቁላት። እጇን እየፈለገ እሷን ሲንቅ በኖረ አገር፣ ከምርቷ ጎን ስሟ መጻፉ ያላንዳች ወጪ የሚከፈል የቆየ ዕዳ ነው።

ዕቃ የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ፣ ዋሽንግተንም፣ ለንደንም፤ ሻጩን «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ቤት ወጣ?» በሉ። መልስ ከሌለው እጃችሁን ሰብስቡ። መልስ ካለው ጽፋችሁ ያዙ፤ ለልጆቻችሁ ዕቃውን ስታወርሱ ጽሑፉንም አውርሱ። የተወሰደብንን ለማስመለስ የሚሟገት ሕዝብ፣ በእጁ የቀረውን በስሙ እየጠራ መዝግቦ መያዝ አለበት። ይህ ሥራ የሙዚየም ሕንፃ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ስልክ፣ የሚጠይቅ ልጅና የምትመልስ አያት ይበቁታል። አያቶቻችን ገና በሕይወት ሳሉ እንጀምረው።